አባትሽ ናፍጣውን እንዴት እንዳጠራው

ይድረስ ለልጄ፤ በገባሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ፣ ደግ ጎረቤት አይንሳሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ምግብ ትበያለሽ ወይ? በፎቶው ላይ አንገትሽ ቀጥኖ ሳየው ሆዴ ባባ።

አባትሽ ከምግብ ቤቶች የተጣለ የመጥበሻ ዘይት እየሰበሰበ ለመኪናው ናፍጣ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ዘይቱ ናፍጣ ሲሆን ውስጡ ሳሙና ይፈጠራል፤ እሱን በውሃ ሊያጥብ ሲል ግን ሁሉም አረፋ ሆኖ ይቀርበታል፤ ጓሮዬን አጥለቀለቀው። ባለፈው ወር ያልጠራው ናፍጣ ሞተሩን ደፍኖት መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ አለ፤ ሰው እየገፋው ገባ። ከዚያ ወዲህ አባትሽ ማንጎራጎሩን ተወ። እናንተን ያሳደገበትን መኪና "ልሽጠው ይሆን?" ሲለኝ አንጀቴን በላው።

ጎረቤታችን አናጢው ሰምቶ መጣና "ጋሼ፣ ውሃውን ይተዉት። በደረቅ ሰጋቱራ ያጥልሉት፤ ሳሙናውን እንጨቱ ይይዝልዎታል" አለው። ሁለት ረጃጅም ቱቦ አቁመው ሰጋቱራ ጠቀጠቁበት። ናፍጣው ከላይ ገብቶ ከታች ጠብ ጠብ ሲል አባትሽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንደ አራስ ልጅ ጠበቀው።

"ነይማ እዪው" አለኝ። በብርጭቆ ቀድቶ ሲያሳየኝ ከመጥራቱ የተነሣ ከብርጭቆው ጀርባ ያሉት ጣቶቹ አንድ በአንድ ታዩኝ።

ቅዳሜ ዕለት መኪናው ወዲያው ተነሳ። አክስትሽ ቤት ወስዶ መለሰኝ፤ መንገዱን ሙሉ ሲያንጎራጉር ነበር። ድምፁ ናፍቆኝ ኖሯል።

አደራሽን፣ ስትደውዪ ናፍጣው እንዴት እንደሆነ ጠይቂው። ብዙ ነው የሚያወራሽ፤ ምንም እንዳልሰማሽ ሆነሽ አዳምጪው፣ እኔም አልነገርኩሽም። ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ደስታሽን በጆሮዬ ያሰማኝ።

እናትሽ