ለሐነሎሬ የሠራሁት የአሳማ ሥጋ

ውድ እታለም፣

ስልክሽን እንደማታነሺልኝ ስለማውቅ ነው የምጽፍልሽ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ደውያለሁ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ደብዳቤ ግን ተቀብለሽ ሳታነቢ የምትጥይ ሰው አይደለሽም። ደክሞኛል እታለም። አሳምሬ ለመጻፍ አቅሙ የለኝምና እንደመጣልኝ ተቀበይው።

ባለፈው እሑድ ቤቴ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ሠራሁ። በገዛ እጄ፣ በዐቢይ ጾም። አልበላሁትም፤ ግን ሠራሁት። ለንስሐ አባቴም ገና አልነገርኩም። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ስግደት ከሰጡኝ እሰግዳለሁ። አስቀድሜ ላንቺ መንገር ነው የፈለግሁት፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርሺው ይገባሻል።

የባለቤቴን የዩርገንን እናት በሠርጋችን ፎቶ አይተሻቸዋል፤ ከጎኔ የቆሙት ቀጭን ሴትዮ፣ ሐነሎሬ። እዚህ አገር በገባሁ ሰሞን በስደተኞች ማረፊያው ጀርመንኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለመኖሪያ ፈቃዴ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ባለኝ ቀን ሁሉ ቦርሳቸውን ይዘው አብረውኝ ወረፋ ይቆሙ ነበር። ልጃቸውንም የተዋወቅሁት በእሳቸው በኩል ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ቦርንሃይም ሰፈር ካለችው ቤታችን ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረጉ ወዲህ ምግብ ጠሉ። ስኳር አለባቸውና ሐኪሙ ድንቹን፣ ዳቦውን፣ ዱቄት የገባበትን መረቅ፣ ጣፋጩን ሁሉ ከልክሎ፣ "ቀስ ብሎ የበሰለ ለስላሳ ሥጋና አትክልት ይስጧቸው" አለን። ዶሮ ቀቀልኩ፤ ዓሣ ሠራሁ፤ የበሬ ሥጋ እስኪፈርስ አበሰልኩ። ሁለቴ ይቀምሱና ሳህኑን በአንድ ጣታቸው ገፋ ያደርጉታል። አርባ ሦስት ኪሎ ገቡ። በመጨረሻ ሐኪሙ ዩርገንን ለብቻው ጠርቶ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መብላት ካልጀመሩ ፍሌገሃይም እንዲገቡ መዘጋጀት አለባችሁ አለው።

ፍሌገሃይም የአዛውንቶች መጦሪያ ነው። እኔም የምሠራው እንዲህ ያለ ቤት ስለሆነ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አሥራ አንድ ሰው አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። አንዱን ሳጎርስ ሌላው ይጠራኛል። የማይፈልጉት ሰው ሊያጎርሳቸው ሲል አፋቸውን የሚዘጉ አይቻለሁ፤ ሐነሎሬ እንደዚያ አፋቸውን ዘግተው ሲቀመጡ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞ ነግሬሽ የማላውቀው ነገር አለ። እዚያ አሳማም ይቀርባል። ጓንት አድርጌ እቆርጥላቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ። ሥራ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቤቴ ግን ገብቶ አያውቅም። ዩርገን ቋሊማ ሲያምረው ስምንት ዓመት ሙሉ በርገር ሽትራሰ በሚሉት ጎዳና ላይ ቆሞ ይበላና አፉን ተጉመጥምጦ ነው የሚገባው። ጠይቄው አይደለም፤ በራሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ "ምንድን ነው የሚያምርዎት? ያለ ይሉኝታ ይንገሩኝ" አልኳቸው።

"እናቴ እሑድ እሑድ የምትሠራው የአሳማ ትከሻ። ከጎመን ጋር" አሉ። ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ይቅርታ ልጄ፣ ላንቺ ማለት አልነበረብኝም" አሉኝ።

ዩርገን በበሩ በኩል ሰምቶ ነበር። በማግስቱ ከምግብ ቤት ገዝቶ አመጣላቸው። ሥጋው ጠንክሮ ማኘክ አቃታቸው፤ መረቁ ዱቄት ነበረበትና ስኳራቸው ወጣ። ያን ዕለት ኩሽና ውስጥ እቃ እያጠበ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቀረ። እያለቀሰ መሆኑን ትከሻው ነገረኝ።

"እኔ እሠራዋለሁ" አልኩት።

"የወርቅውሃ፣ አንቺን አልጠየቅሁሽም።"

"አውቃለሁ።"

ቅዳሜ ሥጋ ቤት ገብቼ እንደ ሌባ ግራ ቀኜን አየሁ። የምን ሥጋ እንደምፈልግ ስናገር ድምፄ ስለማይሰማ ሰውዬው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። "ለአንዲት አሮጊት ነው፣ ትንሽ ይበቃል" ስለው፣ ትንሽ ሥጋ በዝግታ ሲበስል ይደርቃል፣ ለቤተሰብ የሚሆን ውሰጂ አለኝ። እንግዲህ ለቤተሰብ ሆነ። ድስቴን ላስነካው አልፈለግሁም፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ በዝግታ የሚያበስል አዲስ የኤሌክትሪክ ድስት ገዛሁ። ሥራ ውዬ እስክመለስ ማንም ሳይቆምበት እንዲበስል ነው።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ ጓንቴን አድርጌ ሥጋውን በጨውና በሰናፍጭ አሸሁት። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን ጨመርኩ። ኩመል የሚሉትን ዘራቸውንም ነሰነስኩበት፤ በድንቹ ፋንታ የሴለሪ ሥር ከትፌ ከሥሩ አነጠፍኩለት። እጄ የለመደውን ነው የሠራው እታለም፤ ሽንኩርቱን አንቺ እንዳስተማርሽኝ አድቅቄ ነው የከተፍኩት። ክዳኑን ስገጥም በልማድ "በስመ አብ" ብዬ ጀመርኩና መሃል ላይ አፌ ያዘኝ። ልጨርሰው ወይስ ልተወው? ጨረስኩት። ድስቱን በረንዳ ላይ አውጥቼ ሶኬቱን ሰካሁና ወጣሁ። ትራም ውስጥ ጓንት አድርጌበት የነበረውን እጄን ደጋግሜ አሸተትኩት።

ከሥራ ተመልሼ ክዳኑን ስከፍት ሥጋው ማንኪያ ሲነካው ፈረሰ። ሽታው ደስ ይል ነበር። ይህን መጻፍ ከሁሉም ከበደኝ፤ ግን ደስ ይል ነበር። ጨዉን መቅመስ ስለማልችል በማንኪያ ይዤ ወደ ሐነሎሬ ሄድኩ።

ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸው ውስጥ አዘገዩት። "ጨው ያንሰዋል" አሉ። የቀረበላቸውን ቀምሰው እንዲህ ነው ሲሉ ከሁለት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ጨው ጨመርኩ፤ አስቀመስኳቸው። "አሁን ትንሽ በዛ" አሉና ሳቁ።

አራታችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ዩርገን እኔ ፊት ማውጣት አፍሮ ሳህኑን ይዞ አልተነሳም፤ ሥጋውን እኔ አወጣሁለት። ልጃችን ሊዋም፣ ስምንት ዓመቷ ነው አሁን፣ የኔንና የሷን የምስር ወጥ አየችና በጀርመንኛ "እኔም የኦማን እፈልጋለሁ" አለች፤ ኦማ የምትለው አያቷን ነው።

ዩርገን፣ "የእናትሽን ብይ" አላት ቶሎ ብሎ።

"ታዲያ መጥፎ ከሆነ ለምን ሠራችው?"

ሁሉም ወደ እኔ አየ። "መጥፎ ነው አላልኩሽም፤ እኛ ግን አንበላውም" አልኳት። "ስታድጊ ራስሽ ትወስኛለሽ። የሠራሁት ኦማ ስለራባት ነው።" ፊቷን አጨማደደች፤ ግን በላች። መልሴ ትክክል ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

የሐነሎሬ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ አጎረስኳቸው። ሳህናቸውን ጨረሱ። ጎመኑን ሳይቀር ጨረሱት። አፋቸውን ስጠርግላቸው አንጓዬን ያዙና፣ "እናትሽንም እንዲህ ታበያት ነበር?" አሉኝ።

በክፋት አይደለም፤ ስለማያውቁ ነው። "አይ" አልኩ፣ "እህቴ ናት ያበላቻት።" ከዚያ ተነስቼ በረንዳ ወጣሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እማዬ ታማ ነይ ስትዪኝ ፓስፖርቴ አልወጣም ብዬሽ ነበር። ወጥቶ ነበር። ከጥር ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ እሷ ያረፈችው በሰኔ ነው። ለዩርገን ደግሞ እህቴ አሁን አትምጪ ብላለች አልኩት። ሁለታችሁንም ዋሸሁ። ሥራዬን ፈርቼ ነው፣ ልጅ ይዤ ነው እያልኩ ለራሴም ስዋሽ ኖርኩ። እውነቱ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ሳገላብጥ እውላለሁና የራሴን እናት እንደዚያ ሆና ለማየት አቅም አጣሁ። አንቺ ትበረቺያለሽ ብዬ ላንቺ ተውኩት። ብርቱ ነሽ ወይ ብዬ ግን ጠይቄሽ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻሽን አንስተሽ፣ ብቻሽን አጥበሽ፣ ብቻሽን ቀበርሽ። ስልኩን ያላነሳሽው አንዱም ጊዜ አልበዛብኝም።

ሐነሎሬ በዚህ ሳምንት እየበሉ ነው። ስድስት መቶ ግራም ጨመሩ፤ ሐኪሙ ሌላ ወር እንይ ብሏል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ሥጋውን በትንንሹ ከፍዬ በረዶ ቤት አስቀምጬዋለሁ፤ ሲያልቅ እንደገና መሥራቴ አይቀርም። እሱንም እወቂልኝ።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስቸኩልሽም። ለነሐሴ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ በርሽን ባትከፍቺልኝም ደጅሽ ድረስ እመጣለሁ። እስከዚያው ግን፣ እባክሽ፣ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ከሞቷ አትጀምሪ። እማዬ በመጨረሻ ምን ያምራት እንደነበር፣ ማን ገዝቶ እንዳመጣ፣ እንዴት አድርገሽ እንደሠራሽላት ንገሪኝ። እሷ ከበላች በኋላ አንቺስ ምን ትበዪ ነበር? ማን ነበር ያቀረበልሽ?

ታናሽሽ
የወርቅውሃ