ጌሙ የሚንቀራፈፍበት ምክንያት

ለባለቤቴ ለይበልጣል፤

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። የእኔን ጥቁር እናትህ ራሳቸው አወለቁልኝ፤ የራሳቸውን ግን እስከ ዛሬ እንደለበሱ ናቸው። ጌም ቤቱን አልዘጋሁትም። እህቴ ከሉማሜ መጥታ ሽጪውና እኔ ጋ ነይ ብላኝ ነበር፤ ግትርነቴን ታውቀው የለ፣ ጭራሽ አዲስ ቀለም ቀባሁት።

ማሽኑ አንተ ከሞትክበት ቀን ወዲህ አልበራም። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጭነህ፣ ደጀን ላይ ገመዱ ሲላላብህ እስከ ማርቆስ እንደ ሕፃን አቅፈህ ያመጣኸው ያ የአውሮፕላን ጌም ቦርዱ ተቃጥሎ ሳጥኑ ብቻ ቀረ። ወንድምህ ጌትነት ግን መጣሉን አልወደደም። ሆዱ ውስጥ ኮምፒውተር ከተተና ኢሙሌተር የሚሉትን ፕሮግራም ጫነበት። የድሮውን ማሽን አሠራር እያስመሰለ ያንኑ ጌም የሚያጫውት ነው አለኝ።

እውነትም ያው ሆነ። ቀለሙ ያው፣ ፍንዳታው ያው፣ ስትሸነፍ የሚያላግጥብህ ሙዚቃ ሳይቀር ያው። የጎደለው አንተ ያላላኸው እጀታና የጋለ አቧራ ሽታ ነው። ከዚያ የጠላት አውሮፕላኖች ስክሪኑን ሲሞሉት ተንቀራፈፈ። ልክ እንደ ድሮው! ከወንበሬ ተነሣሁ።

ያ መንቀራፈፍ እንዴት ያንገበግብህ እንደነበር አልረሳሁም። መብራቱ ነው ትል ነበር። በዚህ ከተማ ማታ ሁሉም የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሲያበራ አምፖሉ ይደክማል፣ ፍሪጁ ያቃስታል፤ ጌሙም የሚንቀራፈፈው ማታ ማታ ስለነበር ማን ሌላ ነገር ይጠረጥራል? እኔም አምኜህ ነበር። ስታቢላይዘር ገዛህ፣ ሽቦ ቀየርክ፣ ቆጣሪ ሊያነቡ የመጡትን ሳይቀር ሻይ እያጠጣህ ለመንክ። መጨረሻ ላይ ችግሩ ከውስጥ ነው ብለህ ጀርባውን ከፈትከው። ሲንቀራፈፍ ካላየሁት አላገኘውም ብለህ፣ ከመብራቱ ሳትነቅለው። እኔ ስደርስ ማሽኑም አንተም ጸጥ ብላችሁ ነበር።

ጌትነትን፣ ኮምፒውተሩንም መብራት አነሰው እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። ጌሙ ድሮም ተፈጥሮው ነው አለኝ፤ የማሽኑ አንጎል ያን ሁሉ አውሮፕላን ባንዴ ማንቀሳቀስ ስለማይችል ያዘግማል፣ ጥሩ ኢሙሌተር ደግሞ ድክመቱን ሳይቀር በትክክል ይደግመዋል። ማታ ማታ የሚሆነውም ጎበዞቹ ከሥራ ወጥተው የሚመጡት ያኔ ስለሆነ ነው፤ እዚያ ደረጃ የሚደርሱት እነሱ ብቻ ናቸው። ይህን እየነገረኝ መሀል ላይ ፊቱ ተለወጠ። ምን እየተናገረ እንደሆነ ያኔ ገባው።

ይበልጣል፣ ያልተበላሸ ነገር ልትሠራ ሞትክ። እንዴት እንደተናደድኩ ልንገርህ? በአንተ፣ በማሽኑ፣ አንዲት ነገር ሳያዛንፍ በሚደግመው በዚያ ፕሮግራም፣ በሁሉም። ጌትነት መንቀራፈፉን የሚያጠፋ ምርጫም አለው አለኝ፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ። አጥፋው አልኩት። ቢያንስ የተመኘኸውን ላይልህ ብዬ ነው። አውሮፕላኖቹ እንደ ንብ መንጋ ወረዱ፣ ጎበዞቹ ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ረገፉ። ከጥይቱ የሚያመልጡት ለካ ሲያዘግምላቸው ነበር። እትዬ የሺ፣ የድሮውን መልሺልን ብለው ለመኑኝ፤ አስመለስኩላቸው።

ባለፈው እሑድ እናትህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። በሩ ላይ ቆመው ማሽኑን ሲያዩት ቆዩና፣ ልጄ ሊሠራው የነበረው ነገር ተሠራ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጌትነት አንገቱን ደፋ። አዎ እማማ፣ እሱ የጀመረውን ጌትነት ጨረሰው፣ አሁን ደህና ነው አልኳቸው። ተመስገን፣ በከንቱ አልቀረም ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። እውነቱን ለእሳቸው አልሰጥም። እኔ ዘንድ ይቅር፣ እኔ እችለዋለሁ።

ማታ ማታ አውሮፕላኖቹ ሲበዙ ጌሙ ያዘግማል። ተጫዋቾቹ ስክሪኑን ያያሉ። እኔ ጀርባውን አያለሁ፣ ተንበርክከህ የነበርክበትን። በሕይወት እስካለሁ እዚያ ብቻህን አልተውህም።

የሺ