እንቁላል ያለበት የድንች ቂጣ

ውድ ሩሐማ፣

አባዬ እዚህ ጀርመን ከአንዱ ከተማ የገና ገበያ ወደ ሌላው እየነዳ ያጣድፈናል፤ ልቤ ግን ከትናንቱ የኑረንበርግ ገበያ አልወጣም። እኛን ጾመኞቹን የቋሊማው ሽታ ሲፈትነን ቆይቶ፣ አንዲት ሴት በዘይት የድንች ቂጣ ስትጠብስ አገኘን። እማዬ፣ «አርሴማዬ፣ የጾም ነው?» አለችኝ። እኛ ሰፈር ሌክ ስትሪት ካሉት ሱቆች የብስኩት እሽግ እንኳ ጽሑፉን ሳላነብ የማልገዛው እኔ፣ ድንቹንና ዘይቱን ብቻ አይቼ «አዎ» አልኳት። ብርዱ ከሚኒያፖሊስ ባይብስም እማዬ ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ነበር፤ ትኩሱን ስትቀምስ ፊቷ በራ። «እንግዲህ በየከተማው የምበላው ይህንኑ ነው!» አለች። ሻጯን በኋላ ስጠይቃት እንቁላል እንዳለበት ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪናው ውስጥ ተረጋግቼ መቀመጥ አቅቶኛል። አሁንም ወደ ሌላ ገበያ እየሄድን ነው፤ እማዬ ስለ ድንች ቂጣው ታወራለች፤ ልነግራት እጀምርና ስለ መንገዱ አወራለሁ።

ለእናትሽና ለሮዝቪል ጓደኞቻችን ሁሉ የናፍቆት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ፖስት ካርድ ፖስታ የለውም፤ እማዬም እጇ የገባ ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም። ስንደርስ የፖስታ ሳጥን ውስጥ እንድትከትልኝ የምሰጠው ለእርሷ ነው።

አክባሪሽ አርሴማ