የእትዬ ዘሃራ ክፍል ማሞቂያ

ጃንዋሪ 13፣ 1986፣ ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ጧት የእትዬን ክፍል ማሞቂያ አጥፍቼ ነበር የወጣሁት። ስመለስም እንደጠፋ ነው። አልነካችውም። ግድግዳው በረዶ። አልጋው ጫፍ ላይ ካፖርቷን ለብሳ፣ እጇን ብብቷ ሥር ከትታ ተቀምጣለች። እንዴት ዋልሽ አለችኝ። በሯን ዘግቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

ደብተሬ፣ አንተ ተይ አትለኝም። ለዚህ ነው የምጽፍብህ።

እትዬ ዘሃራ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ባሌ ካርቱም ሲሞት አደራ ብሎኝ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኋት። ልጄን ሙሔን ገደለችው። ይኸው ጻፍኩት። ከቀብሩ ወዲህ አንቱታውን አንስቼባታለሁ።

ጃን. 15፣ ረቡዕ

ሕንፃውን የሚጠብቀው ሰውዬ፣ ሱፐሩ፣ ማሞቂያዎቹን ሊያይ መጣ።

ባለፈው ሰመር ምድር ቤት ሆኖ ሕንፃውን ሁሉ ያሞቅ የነበረውን የናፍጣ ቦይለር ነቅለው ወሰዱ። በየክፍሉ ግድግዳ ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገጠሙ። ለየቤቱ ደግሞ ቆጣሪ። ድሮ ሙቀቱ ከኪራዩ ጋር ነበር። አሁን የሞቀው ይክፈል። ኪራዩ ግን አልቀነሰም። ናፍጣ ቆሻሻ ነው፣ ዘመኑ አልፎበታል፣ ይሄ ንጹሕ ነው፣ ጭስ የለው ጥላሸት የለው አሉን። ትልቋ ልጄ ሰልማ ከት/ቤት ስትመጣ፣ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከኒያጋራ ፏፏቴ ነው አለች። ሙሔ ውኃውን ልስማ ብሎ ጆሮውን ማሞቂያው ላይ ይለጥፍ ነበር። አምስት ዓመቱ ነበር።

የመጀመሪያው ቢል ሲመጣ ሕንፃው በሙሉ አጠፋ። በሰፈራችን በዌስተን ሰው ካፖርት ለብሶ እራት መብላት ጀመረ። እትዬ ደግሞ እንደ አገሯ አደረገች። በሰመር ሥጋ የምንጠብስበትን ምድጃ በረንዳ ላይ አቀጣጠለች። ከሰሉ ነጭ ሲለብስ፣ ጭሱ አልቋል ብላ ልጁ ወዳለበት ክፍል አስገባችው። አገር ቤት ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። የዚያ ቤት በየቀዳዳው ይተነፍሳል። እዚህ ለብርዱ ብለን መስኮቱን በላስቲክ ደፍነነዋል። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ሰልማ ከት/ቤት ስትገባ ሁለቱም ተኝተዋል። እትዬ ሆ/ል ነቃች። እሱ አልነቃም።

ሱፐሩ ሁሉም ማሞቂያ ይሠራል አለ። የእሷ ክፍል ሲገባ፣ ይሄ ለምን ጠፋ አለኝ። ሙቀት አትወድም አልኩት። ሳቀ። እንግሊዝኛ ስለማትሰማ እሷም አብራው ሳቀች።

ጃን. 18፣ ቅዳሜ

ኢድሪስ መጣ። የእትዬ የእህቷ ልጅ፣ ታክሲ ነጂ። የሚኖረው ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር ነው። የእነሱ ሕንፃ ሙቀት አሁንም ከኪራዩ ጋር ነው፤ እንዲያውም ሲያፍናቸው መስኮት ይከፍታሉ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«የሰልማ እናት፣ ታክሲዬ ከዚህ ቤት ይሞቃል። ኑ እዚያ እንቀመጥ፣ ቆጣሪውን አላስጀምረውም» አለ።

ድሮ የሙሔ እናት ነበር የሚለኝ።

እትዬን ልውሰዳቸው አለ። እንደ ወደደች አልኩ። ውስጤ ግን ተቃጠለ። እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ ሞቃ! አልሄድም አለች። ደስ አለኝ። ደስታዬን ሻይ በመቅዳት ደበቅኩት። ኢድሪስ የሚመጣው ቅዳሜ ተመልሼ እጠይቃለሁ ብሎ ወጣ።

ማታ ሰልማ ትራሷን ይዛ ወደ እሷ ክፍል ገባች። አብሬያት ልተኛ ነው፣ በርዷታል፣ ሺ ኢዝ ፍሪዚንግ አለችኝ። ተመለሺ አልኳት። «ማም፣ ዩ አር ሚን» አለች። አልገባኝም አልኩ። ገብቶኛል፤ ጨካኝ ነሽ ነው ያለችኝ።

ጃን. 21፣ ማክሰኞ

ታስላለች። ወፍራሙን ብርድ ልብሷን አጠብኩት። አልቆሸሸም ነበር።

ጃን. 23፣ ሐሙስ

የማጸዳው ቢሮ ቧንቧ ፈንድቶ ቶሎ ለቀቁን። ከቀትር በፊት ቤት ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ ነፋስ።

በሯን ከፈትኩ። የመስኮቱ ላስቲክ ተነቅሏል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደፉ ላይ በረዶ ተከምሯል። እሷ በስስ ቀሚስ፣ ባዶ እግሯን ተቀምጣለች። ካፖርቷ ታጥፎ አልጋው ላይ።

ዝጊው አልኳት።

«ምን አገባሽ፣ ይሄ እንደሆን ቢል አያመጣ» አለችኝ።

ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩ። አንቺ ማሞቂያውን ካጠፋሽ ጀምሮ አለች። እኔ ስወጣ ትከፍታለች። ሰልማ ከመግባቷ በፊት ትዘጋለች፣ ላስቲኩን ትመልሳለች፣ ካፖርቷን ትለብሳለች።

«አንቺ ጀመርሽው፣ ላግዝሽ ብዬ ነው» አለች። ክፋት የለባትም ስትናገር። ይሄ ነው ያሳበደኝ።

ገባህ፣ ደብተሬ? እኔ የቀጣኋት መስሎኛል። ለካ የምትፈልገውን እየሰጠኋት ነው። ኢድሪስን እምቢ ያለችውም ለዚህ ነው። እዚያ ሙቀቱን የሚያጠፋላት የለም። ልትሞት ነው። ሙሔ ጋ ልትሄድ። ከእኔ ቀድማ።

መስኮቱን ዘጋሁ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። እግሯን በፎጣ ሳሽላት አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አላዘንኩላትም። ሳልረካ አልቀረሁም፣ እንጃ።

ጃን. 25፣ ቅዳሜ

ትናንት ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘ፤ ሳንባዋ ደህና ነው፣ ሙቀት ካገኘች ገና ብዙ ትኖራለች አለ። ሰልማ ተረጎመችላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሱፐሩን ለምኜ መስኮቷን በብሎን አሳሰርኩ። አለቃዬን የቅዳሜውንም ቢሮ ስጠኝ አልኩት፤ ሰጠኝ። ለመብራቱ ይሆናል።

ኢድሪስ መጣ። ከበር መለስኩት። እትዬስ አለ። ከእኔ ጋር ናት አልኩት። ሙቀቱ እስከ ኮሪደር ሲደርሰው ፊቱ በራ። አላህ ይስጥዎት አለኝ። አሜን አልኩ።

አሁን ሾርባ በማንኪያ አጉርሻት መጣሁ። ላብ በላብ ሆናለች። በአላህ አጥፊልኝ ትላለች። አፏን ጠርጌ ቀጣዩን ማንኪያ አስጠጋሁ። ዋጠች።

ወስኛለሁ። የትም አትሄድም። በዚህ ዊንተር፣ በሚመጣውም። ሞቃ፣ ጠግባ፣ ሙሔ የሌለበትን ቀን ሁሉ ከእኔ ጋር ትዋለዋለች። ብቻዬን አልውለውም።