ከግመል ማጠጫው ላይ የተነበበው ቁጥር

ይድረስ ጆሃንስበርግ ላለኸው ወንድሜ ለትንሣኤ። ከነልጆችህ፣ ከነሱቅህ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ሆሳዕና ደህና ነን።

አባባን አገኘሁት! በኦጋዴን ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኑን ይዘው ኮበለሉ የተባሉት እሱና ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ሦስቱም እዚያው በረሃ ወድቀው ነው የሞቱት። ጂጂጋ ድረስ ሄጄ አርብቶ አደሮች ግመል የሚያጠጡበትን፣ ቁጥር የተጻፈበትን የአውሮፕላን ክንፍ ቁራጭ ፎቶ አነሳሁ። የቀበሯቸው ሽማግሌም መቃብሩን አሳዩኝ። ሺንሺቾ የሚኖሩት ጡረተኛው የአየር ኃይል መካኒክ ጋሽ ይበልጣል ቁጥሩን ከድሮ ደብተራቸው አመሳክረው፣ "ይህን ክንፍ የጠገንኩት እኔ ነኝ፤ የአባትሽ አውሮፕላን ነው" አሉ።

መርዶ ስላልደረሳት አርባ ሰባት ዓመት ለቅሶ ያልተቀመጠችው እማዬ ቅዳሜ ድንኳን አስተከለች። "የባንዳ ልጆች" ሲለን የኖረው ጎረቤታችን ሀብቴም አንገቱን ደፍቶ መጣ።

"ዘገየህ ሀብቴ! በል ግባና ሰፈሩ እስኪሰማ አልቅስ" አለችው እማዬ። አለቀሰም።

ልጄ አቤሴሎም ወደ አንተ ከተነሳ ሦስት ወሩ ነው። ከማላዊ ከደወለ ወዲህ ስልኩ አይሠራም፤ ባትሪው ድሮም ደካማ ነው። ሲደርስ የአያቱን ነገር እንዳትነግረው፣ እኔ ራሴ ልንገረው። በፈለጋችሁት ሰዓት ደውሉ፤ ስልኬን አላጠፋም።

ሰላምታዬ ከደጃፍህ ይድረስ።
እህትህ ኤልሳ