በነነዌ ጾም የለቀቅነው ዓሣ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባባ፣ ዝዋይ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዝናብ ሳይመጣ ቀድሞ የሚያውቀው የግራ ጉልበትዎ ዘንድሮ አረፈልዎት ወይ? እማዬስ እንደምን አለች? የዓይኗ ጠብታ አላለቀባትም? እህቴ አበባ፣ ይህን ደብዳቤ የምታነቢላቸው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁና እንደ ልማድሽ እየዘለልሽ እንዳታነቢ፤ ዛሬ አንዲት ቃል እንድትቀር አልፈልግም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትርሲትም ልጃችን ሰሊናም ደኅና ናቸው። ከተማችን አሌክሳንድሪያ በረዶ ውስጥ ተቀብራለች፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት መኪናዬን በአካፋ ቆፍሬ ነው የማወጣት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገው እንደሚሉ ይገባኛል። በስልክ ሦስት ጊዜ ልነግርዎ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት። ወረቀት ላይ ግን ማንም ፊቴን አያየኝም ብዬ ነው።

ነጋን በስልክ ሰላም ብለውት ያውቃሉ። የምሠራበት ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ የሠራ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወዳጄ ነው። በቅርቡ ጡረታ ወጣ። ልጆቹ ለስጦታ ብለው ፍሎሪዳ ባሕር ላይ ለሦስት ሰው የአንድ ቀን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ያዙለት። እኔንና ታክሲ የሚነዳውን ወንድሜነህን ይዞን ሄደ። ልጆቹ ቀኑን ሲመርጡ ግን የእኛን አቆጣጠር ማን አይቶ፤ ማክሰኞ ጥር 26፣ የነነዌ ጾም ሁለተኛው ቀን ላይ ወደቀ። ትርሲት ሳቋ ሊገድላት ደረሰ። ዮናስን ዓሣ በዋጠበት ጾም እናንተ ዓሣ ልታጠምዱ ባሕር ትወጣላችሁ ወይ አለችን። ወንድሜነህ ግን አልሳቀም። ለንስሐ አባቱ ደውሎ፣ የተከለከለው መብላቱ እንጂ ማጥመዱ አይደለም መባሉን በጆሮው ከሰማ በኋላ ነው አውሮፕላን የተሳፈረው።

ማለዳ ወደቡ ደረስን። ወንድሜነህ ጀልባ ላይ የጾም ምግብ አይገኝም ብሎ አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ ተሸክሟል። ሬይ የሚባለው ካፒቴን፣ ፀሐይ ያከሰለው ሽማግሌ፣ ሙዙን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። ለካ ሙዝ የተጫነበት ጀልባ ዓሣ አያገኝም፣ ክፉም ይገጥመዋል ይላሉ። ወንድሜነህ ስለ ጾም ያስረዳዋል፣ ካፒቴኑ ስለ ሙዝ ያስረዳዋል፤ ሁለቱም አባቶቻቸውን ምስክር ይጠራሉ። በመጨረሻ ሙዙ እንደ ዮናስ ከጀልባው ወረደ፤ ለወደቡ ጥበቃ ሰጠነውና ሄድን። ወንድሜነህ ያን ዕለት የጾመውን የመሰለ ጾም በዕድሜው አልጾመም።

አባባ፣ ባሕሩን እንዴት አድርጌ ልንገርዎ? ከዳር ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ሥሩ ያለው አሸዋ እስኪታይ የጠራ። ጥቂት እንደሄድን ካፒቴኑ ሞተሩን ቀነስ አድርጎ በጣቱ አሳየን። ውሃው ላይ ሰው በገመድ ለክቶ ያሰመረው የሚመስል መስመር አለ። ወዲህ አረንጓዴ፣ ወዲያ ጥቁር ለመባል ትንሽ የቀረው ሰማያዊ። ያ ሰማያዊው ባሕሩ መካከል የሚፈስ ወንዝ ነው፤ ከደቡብ ሙቀቱን ይዞ ይመጣል። እጄን ነከርኩት። በጥር ወር፣ ትናንትና በረዶ ሲዝቅ በነበረ እጄ ላይ፣ ለገላ የተሞቀ ውሃ ሆነብኝ። ሰሊና ብታይ ብዬ ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁና ሳላነሳ መልሼ ከተትኩት። ምኑን ከምኑ አድርጌ አነሳዋለሁ?

እርስዎ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ነፋሱን እንደሆነ አውቃለሁ። ነፋሱ ከሰሜን ነበር፤ እኛን በበረዶ የቀበረን ያው ብርድ እዚያ ሲደርስ ነፋስ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ወንዙ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ማዕበሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ካፒቴኑ የብርዱን ወራት ሙሉ የሚጠብቁት ይህንን ነው አለ፤ እንዲህ ሲሆን ዓሣው በማዕበሉ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነፋሱ ተኝቶ፣ ጀልባዎቹ አንድ ቢያገኙ አንድ፣ ሁለት ቢያገኙ ሁለት ብቻ ነበር። ብርዱ ከገባ ወዲህ በቀን ስድስትና ሰባት የሚያገኙ አሉ። ሴይልፊሽ ይሉታል። ርዝመቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ አፉ እንደ ጦር የሾለ ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ክንፍ አለው።

አጠማመዳቸውን ቢያዩ ደግሞ ይስቃሉ። ልጆች በክር ይዘው በነፋስ የሚያንሳፍፉትን ዓይነት ካይት ወደ ሰማይ ይለቃሉ። የማጥመጃው ክር ከካይቱ ላይ ይንጠለጠልና፣ መንጠቆው ላይ ያለችው ትንሽ ዓሣ ከውሃው ፊት ሳትጠልቅ ትንፈራገጣለች። መጀመሪያ ለነጋ ያዘለት። ነጋ በደስታ ዘንጉን በሁለት እጁ ወደ ላይ መነጨቀው፤ ባዶ ክር መጣ። ወንድሜነህም እንዲሁ አደረገ። ካፒቴኑ መንጠቆው ክብ ነው፣ አትመንጭቁት፣ ራሱ አፉ ውስጥ ይግባ እያለ ይጮኻል፤ ማን ይስማው?

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ዓሣው ሲነካው ሳላስበው ክሩን በጠቋሚ ጣቴ ላይ አሳለፍኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ መንጠቆ ያልያዘ እጅ ነው። የእርስዎን ድምፅ ሰማሁ፤ ጉርሻውን ይጨርስ፣ አትሽቀዳደመው፣ ሲዞር ጣትህ ይነግርሃል። ጠበቅኩ። ካፒቴኑ ጩኸቱን አቁሞ እጄን ያያል። ክሩ ጣቴ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ቆመ፣ እንደገና ሄደ፣ ከዚያ ዞረ። ያን ጊዜ ዝም ብዬ ክሩን አጠበቅኩት።

ዓሣው ከውሃው ወጣ። መላ አካላቱ ወጣ፤ ጅራቱም አልቀረ። አየር ላይ ራሱን እያራገፈ ዘጠኝ ጊዜ ዘለለ፤ ነጋ ነው የቆጠረው፣ እኔስ ስሜም ጠፍቶብኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ታገልን። ጀልባው ጎን ሲደርስ ገላው ላይ ሰማያዊ መስመሮች ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፤ ደሙ መብራት የሆነ ይመስላል። ወንድሜነህ አማተበ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም።

ቀጥሎ የሆነውን ይስሙልኝ። ካፒቴኑ ጓንት አጥልቆ ያንን ጦር ያዘ። ከውሃው አላወጣውም። ጀልባውን በዝግታ እያስኬደ፣ ውሃው በመተንፈሻ ስንጥቦቹ እንዲያልፍ አድርጎ፣ እስኪበረታ ይዞት ቆየ። ከዚያ ለቀቀው። ዓሣው አንዴ ጅራቱን መትቶ ወደ ሰማያዊው ወረደ። ካፒቴኑ ትንሽ ባንዲራ ሰቀለ። ማታ ወደቡ ስንመለስ ያየሁት ጀልባ ሁሉ እንዲህ ያለ ባንዲራ ሰቅሏል፤ እዚያ ሰው የሚኮራው በለቀቀው ዓሣ ነው።

አባባ፣ እርስዎ የቀኑን የመጀመሪያ ዓሣ ሁልጊዜ ወደ ሐይቁ ይመልሱ ነበር። ቆሮሶም ይሁን አምባዛ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ይህ የውሃው ነው ብለው ይለቁታል። ሌሎቹ አጥማጆች ይስቁብዎት ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር እስቅ ነበር፤ አንድ ቀን ጀልባው ላይ ሆኜ ስስቅ አይተውኛል፣ አልተቆጡኝም።

ካፒቴኑ ይህን አያያዝ የት ነው የተማርከው ብሎ ጠየቀኝ። ነጋና ወንድሜነህ እዚያው ቆመዋል። ለአሥራ አራት ዓመት አባቴ የእህል ነጋዴ ነው ያልኳቸው ሰዎች ናቸው። በአማርኛ፣ እነሱ እንዲሰሙት፣ እንዲህ አልኩ፦

«አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ከዚያ ለካፒቴኑ በእንግሊዝኛ ደገምኩለት። ባርኔጣውን አወለቀ። ነጋ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

እንግዲህ በስልክ ያቃተኝ ይህ ነው። አገር ቤት መጥቼ ያገባሁ ለት፣ የትርሲት ቤተሰብ ፊት፣ ከጠየቁዎት የእህል ነጋዴ ነኝ ይበሉ አልኩዎት። እሺ ልጄ አሉኝ። ቀኑን ሙሉ እጅዎን ከኮትዎ ኪስ አላወጡም፤ ክርና መረብ የበላውን እጅዎን። ምሳ እንኳ አልበሉም፤ ሆዴን አሞኛል አሉ። እኔ ያን አይቼ እፎይ ያልኩ ሰው ነኝ። ይቅር ይበሉኝ አባባ። ሰበብ ልደረድርልዎ አልችልም፤ አፍሬብዎት ነበር፣ ይኸው ነው።

ካፒቴኑ ለመብል የሚሆን ሌላ ዓሣ በበረዶ ሰጥቶን ነበር። ጾሙ እንደተፈታ ሐሙስ ዕለት ነጋ ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ተሰብስበን ጠበስነው፤ እኔ ነኝ የበለትኩት፣ እርስዎ እንዳሳዩኝ ከጀርባው ጀምሬ። እዚያው ለትርሲት ሁሉንም ነገርኳት። አላዘነችም፣ አልተቆጣችም። «ሠርጋችን ላይ ሊመርቁኝ አንዴ እጃቸውን ከኪስ ሲያወጡ አይቼዋለሁ፤ የእህል ነጋዴ እጅ አይደለም። አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቀችኝ ማለት ነው። ሰሊና ደግሞ በአካል ያላየቻቸውን የአያቷን ሥራ ስትሰማ መኝታዋን ረስታ ጥያቄ ታዘንብብኝ ጀመር። በመጪው ሐምሌ ሦስታችንም እንመጣለን፤ ሐይቁ ላይ ያውጧት። የመጀመሪያውን ዓሣ የምለቀው እኔ ነኝ ብላለች፤ በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፣ ስትለቀው ግን «ይህ የውሃው ነው» የምትለው በአማርኛ ነው።

አበባ፣ አንድ ሥራ ልስጥሽ። አባባን ጀልባቸው አጠገብ አቁመሽ ፎቶ አንሺልኝ። እጃቸው ይታይ። አሳጥቤ ሳሎናችን ውስጥ፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

እማዬን ዓይኖቿን ሳሙልኝ። ዋለልኝ፣ የእህቴ ባል፣ ሰላም ብዬሃለሁ፤ የጀልባውን ቀዳዳ ስለደፈንክላቸው እግዜር ይስጥልኝ። አበባ፣ አንቺንም እስምሻለሁ። ጎረቤታችንን እትዬ ዓባይነሽን ሰላም በሉልኝ። ትርሲትና ሰሊና ሁላችሁንም በጣም ሰላም ብለዋል። አባባ፣ ለወትሮው ደብዳቤዬን ስጨርስ ጉልበትዎን እስማለሁ ብዬ ነበር የምዘጋው። ዛሬ ግን ከኪስዎ ያውጡልኝና እጅዎን ልሳም።

ልጅዎ በፈቃዱ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.