እህቴን ከካሜራዬ ላጸዱልኝ ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የሰፈራችን የኮምፒውተር መሸጫና መጠገኛ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፣ ማለትም በዚያ በሚሽከረከረው ወንበርዎ ላይ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ወደ ሱቅዎ በተመላለስኩባቸው ጊዜያት ሁሉ አንድም ቀን ከወንበርዎ ሲነሱ ስላላየሁ ከልብ አሳስቦኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ካሜራዬም ደህና ናት። ከእርስዎ የገዛሁት አዲሱ ኮምፒውተርም፣ ሲሸጡልኝ እንደነገሩኝ፣ ከሁላችንም የበለጠ ደህና ነው።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት በአደባባይ ላሳጣዎት ብዬ እንዳይመስልዎት። መጀመሪያ አጣጥፌ በሱቅዎ በር ላይ በተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ልከተው ይዤ መጥቼ ነበር። ነገር ግን «አስተያየትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚለው ማስታወቂያ የተለጠፈው ልክ በሳጥኑ ቀዳዳ ላይ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ያንን የመሰለ ማስታወቂያ ከምቀድ በአደባባይ መጻፉ ይሻላል አልኩ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከሱቅዎ ማዶ ጥግ ላይ ቁልፍ የምቀርጸው ሽማግሌ ነኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተማርኩት እየነካካሁት ነው፣ አንዳንዴም እሱ እየነካካኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርባቸው ቅሬታዎች ካለማወቅ የመነጩ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ምስጋና ቢያነቧቸው ደስ ይለኛል።

ወደ ቅሬታዎቹ ከመግባቴ በፊት ግን ነገሩ ለምን እንዳንገበገበኝ ልንገርዎት። ካቻምና ያረፈች ታላቅ እህት ነበረችኝ። ስም የነበራት ቢሆንም ቤተሰቡም ጎረቤቱም እታለም ነበር የሚላት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ለፎቶ ተቀመጪ ከምትሏት ባሕርን ቁም ብትሉት ይቀላል፤ ካሜራዬን ባነሳሁ ቁጥር «አንተ ሥራ ፈት፣ ሂድ ወዲያ!» እያለች ወይ ትነሳለች፣ ወይ ትዞራለች፣ ወይ የልብስ መለኪያውን ሜትር ትወረውርብኛለች። ከዚህ የተነሳ ዛሬ ቤት ውስጥ በወግ ተነስታ የምትገኘው በመታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ላይ ፍርድ የሚጠባበቅ ተከሳሽ ነው የምትመስለው። ነርስ የሆነችው ልጇ ይህንኑ አስጎልታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የእርሷ ልጅ፣ አያቷን አይታ የማታውቀው ትንሿ፣ ለረጅም ጊዜ አንጋጣ አየችውና «ለምንድን ነው የተቆጣችው?» ብላ ጠየቀች። ፎቶው በዚያው ቀን ወረደ። የእህቴ ልጅም «አጎቴ፣ እባክህ ከዚያች ከአሮጌዋ ካሜራህ ውስጥ እማዬን አውጣልኝ» አለችኝ። አዲስ ኮምፒውተር የገዛሁት ለዚህ ነው። እነሆ ቅሬታዎቼ፦

አንደኛ፤ ስለ ቀዳዳ። ኮምፒውተሩ እጅግ ዘመናዊ ከመሆኑ የተነሳ የካሜራዬ ገመድም ሆነ ሚሞሪ ካርዷ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ዕድሜዬን ከቁልፍ ቀዳዳ ጋር የፈጀሁ ሰው በመሆኔ፣ በር ሠርቶ ቀዳዳውን የተወ አናጢ ባገኝ ረስቶት ነው እል ነበር። ቴክኒሻንዎ ግን «አባባ፣ አዲስ ሞዴል እኮ ነው» ብሎ ሲያስረዳኝ፣ ዘመናዊ ማለት አላስገባም ባይ ማለት መሆኑ ገባኝ። ሁለቱን የሚያገናኝ አዳፕተር እንዳላችሁ ብጠይቅ «አልቋል» ተባልኩ፤ መቼ ይመጣል ብል «ይመጣል» ተባልኩ። ስለዚህ ፎቶዎቹን እናንተው እንድታሸጋግሩልኝ ኮምፒውተሩን መልሼ ተሸክሜ አመጣሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ካሜራዬ ክብር። ቴክኒሻንዎ ካርዱን ከካሜራዋ አውጥቶ በእጁ እንደያዘ፣ እርስዎ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው «ኧረ ይህቺ ነገር ትሠራለች እንዴ? ሙዚየም አይጠይቋትም?» ብለው እንደሳቁ ያስታውሳሉ። የባትሪ ክዳኗ በፕላስተር የታሰረ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ስትሰደብ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ፣ እዚያው ወደ እርስዎ አዙሬ ተጫንኳት። ብልጭ አለች፤ መልክዎም በመስኮቷ ላይ ወጣ። እርስዎም «እሺ፣ ትሠራለች» ብለው ፈረዱላት። ለዚህ ፍርድ አሁንም አመሰግናለሁ፤ ነገሩን ለጊዜው እዚህ ላቁመው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቀን። ካሜራዋ ባትሪዋ በወጣ ቁጥር ቀኑን ስለምትረሳ፣ ለእርሷ ቀኑ ሁልጊዜ አንድ ቀን ነው። ኮምፒውተሩም ይህንን አምኖ ያለፉትን ዓመታት በሙሉ በአንድ ቀን ውስጥ ደርድሮልኛል። በዚህ መሠረት የእህቴ ልጅ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ አግብታና ወልዳ ያበቃችው ከምሳ በፊት ነው። ከዚያም ኮምፒውተሩ በራሱ ፈቃድ «ይህን ልዩ ቀን ያስታውሱታል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት ይረሳል?

አራተኛ፤ ስለ ጽዳት። ኮምፒውተሩን ስረከብ ቴክኒሻንዎ ፊቱ በኩራት እያበራ «አባባ፣ አጽድተን ነው የሰጠንዎት፤ ብዥ ያሉትን ፕሮግራሙ ራሱ ለቅሞ ይጥላቸዋል፤ የቀሩት አንደኛ ናቸው» አለኝ። አመሰገንኩት፤ ቤቴ ገብቼ እስካየው ድረስም ምስጋናዬ የእውነት ነበር። የቀሩት በእርግጥ አንደኛ ናቸው። የውኃ ታንከራችን በሁሉም አቅጣጫ አለ። ካሜራዋ አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ በስህተት ያነሳችው የግራ ጫማዬ አለ፤ ስፌቱ ይቆጠራል። የጎረቤታችን በር፣ የተደረደሩ ወንበሮች፣ ምን ፈልጌ እንዳነሳሁት የማላስታውሰው አንድ ግድግዳ፤ ባጭሩ የማይንቀሳቀስ ንብረታችን በሙሉ ተርፏል። እታለም ግን የለችም። ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ስትል፣ ጨርቅ ስታራግፍ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ ያነሳኋት ሁሉ ብዥ ያለ ነበርና፣ ፕሮግራምዎ አንድ በአንድ ለቅሞ አውጥቷታል። በሕይወት ሳለች እንዲህ አንድ ሳይቀር የያዛት ሰው አልነበረም።

አምስተኛ፤ ስለ ካርዱ። የጣላችኋቸውን ፎቶዎች ከካርዱ ላይ መልሼ ላውጣ ብዬ ካሜራዋ ውስጥ ከትቼ ብከፍተው አንድም የለም፤ ቴክኒሻንዎን ብጠይቅ ለእኔው ደህንነት ሲባል ፎርማት እንደተደረገ፣ ማለትም ያለው ሁሉ እንደተሰረዘ ነገረኝ። ባዶውን ሆኖ እንዳይከፋኝም የሱቅዎን ማስታወቂያ አስቀምጣችሁበታል፤ «ትዝታዎ በእጃችን ነው» ይላል። አነበብኩት። እውነቱን ነው።

ስድስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ረዥምና ከሁሉም የከረረ ነበር፤ ግን ሰርዤዋለሁ። ምክንያቱን ልንገርዎት፤ እዚህ ላይ በእርግጥም ባለውለታዬ ነዎት።

የእህቴ ልጅ ከሥራ ወጥታ በዚያው ዩኒፎርሟ ወደ ቤቴ መጥታ ነበር። ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ታንከሩንም ጫማውንም እያለፈች እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደች። ከዚያም «ምንም አይደለም አጎቴ» አለች። የነርስ «ምንም አይደለም» ምን ማለት እንደሆነ በቤታችን የማያውቅ የለም፤ ለታማሚ የምትለው ነው፣ ያውም መርፌው ከመግባቱ በፊት። እኔ ደግሞ ሰው ሲያዝን ዝም ብዬ መቀመጥ ስለማልችል፣ ላስቃት ብዬ እርስዎን ከመስታወትዎ ጀርባ እንዴት ብልጭ እንዳደረግሁዎት አጫወትኳት። ወንበርዎንም እየተሽከረከርኩ አሳየኋት፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ሳቀች። «እስቲ አሳየኝ እኚህን ሰውዬ» አለች። እየፈለግሁ ሳለሁ ሳቋን አቆመችና «ቆይ፣ ካርዱ በቴክኒሻኑ እጅ ነበር አላልክም? ታዲያ የሰውዬው ፎቶ የት ገባ?» አለች።

ይህንን ጥያቄ እኔ አልጠየቅሁትም፤ የእርስዎም ቴክኒሻን አልጠየቀውም። ካርዱን ከካሜራዋ ነቅላ አወጣችና ያለ ካርድ አበራቻት። እርስዎ ብቅ አሉ፤ ሙሉ በሙሉ፣ ከነወንበርዎ። ለካስ አሮጌዋ ካሜራ በሆዷ ውስጥ የራሷ የሆነች ጠባብ ማስቀመጫ አለቻት፤ ካርድ ሲጠፋ ያገኘችውን እዚያ ትደብቃለች። የእህቴ ልጅ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጫነች። ከእርስዎ ቀጥሎ የመጣው እጅ ነበር፤ የስፌት መኪና መዘውር ላይ ያረፈ፣ ብዥ ያለ እጅ።

ካሜራዋን በገዛሁበት ሰሞን ካርድ የሚባል ነገር መኖሩንም ሳላውቅ የመጀመሪያ ፎቶዎቼን ያነሳሁት በዚያ ማስቀመጫ ላይ ነበር። አዲስ ነገር የያዘ ወንድም ደግሞ መጀመሪያ የሚያስቸግረው እህቱን ነው። አንድ በአንድ አየናት። ጀርባዋ። ግማሽ ፊቷ። ክር ስትበጥስ ጥርሷ። መጨረሻ ላይ፣ ማለትም ከሁሉም መጀመሪያ፣ ስፒሎች በከንፈሯ እንደነከሰች፣ በዚያው አፏ እየሳቀች፣ መዳፏን ወደ እኔ ዘርግታ፣ ሜትሩ ከአንገቷ ላይ እንደ ጅራፍ ተወርውሮ። ምን እያለችኝ እንደነበር ለመስማት ድምፅ አያስፈልገውም። ልጇ ካሜራዋን በሁለት እጇ ይዛ «ይኸው፣ እማዬ እንዲህ ነበረች» አለች፤ «ምንም አይደለም» አላለችም።

ፎቶው ታትሞ የመታወቂያው ቦታ ላይ ተሰቅሏል። ትንሿ እንደ ልማዷ አንጋጣ ብዙ ቆየችና «የት እየሄደች ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቷም «ሥራ አላት» አለቻት።

እንግዲህ ክቡርነትዎ በዚያ ቀን በካሜራዬ ላይ ባይስቁባት ኖሮ እርስዎን አላነሳዎትም ነበር፤ እርስዎን ባላነሳዎት ደግሞ እርስዎን ፍለጋ ስንገባ እህቴን አናገኛትም ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን ይቀበሉ፤ ይህኛው እውነተኛ ነው። ከእንግዲህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን አንብበው ጸጸት ቢሰማዎትና ፎቶዋን በነጻ አጥርተው ሊያስተካክሉልኝ ቢያስቡ፣ ስለ ወንድምነት ብለው እንዳይረዱኝ። ቴክኒሻንዎም ወደ ቤታችን እንዳይመጣ ይሁን፤ በአጋጣሚ ከመጣ ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ግድግዳውን እንዲያይ እፈቅድለታለሁ።

ለሱቅዎ ገበያን፣ ለአስተያየት ሳጥንዎ ቀዳዳን፣ ለወንበርዎ ጎማዎች ዘይትን፣ ለወገብዎም ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪ ጎረቤትዎ፣
ቁልፍ ቀራጩ፣ የእታለም ታናሽ ወንድም

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በካሜራዋ ሆድ ውስጥ ካገኘናቸው ፎቶዎች ሁሉ ብዥ ያላለው የእርስዎ ብቻ ነው። የጸጉርዎ መስመር ሳይቀር ይለያል፤ መብራቱ ዓይንዎ ላይ ብልጭ ሲልብዎት እንኳ አልተንቀሳቀሱምና። ፕሮግራምዎ ሁለታችሁን ቢያያችሁ ኖሮ ያለ ጥርጥር እህቴን ጥሎ እርስዎን ያስቀር ነበር። የእህቴ ልጅ «ሰውዬውን ላጥፋቸው ወይ?» ብትለኝ፣ እንዴት ተደርጎ ብዬ ከልክያታለሁ፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ በክብር አስቀምጠንዎታል፣ ከውኃ ታንከራችን ቀጥሎ።